በጆሮ ማንበብ፦ የንባብ አጋዥ መሣሪያዎች ታሪክ እና የፈቃድ ጥያቄ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ኑዛዜ ልጀምር። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ታሪክ አስተምር ነበር። ልማዴ ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ከመጽሐፉ አንዳንድ አንቀጽ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ማድረግ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ተራው ሲደርስ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ ቃሉን ከመሐል እየቆረጠ፣ ያነበበውን መስመር መልሶ እያነበበ ላብ ያጠምቀው ነበር። ክፍሉ ይስቃል። እኔም አንድ ቀን «ሳታጠና ለምን ትመጣለህ?» ብዬ በሁሉ ፊት ገሠጽኩት። ይኸው ልጅ ግን በቃል የነገርኳቸውን የዐድዋን ዘመቻ ጠይቄው ከውጫሌ ውል እስከ ጦርነቱ ማግሥት ያለውን ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፍ መልሶልኛል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አድርጌ አላየሁም። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ። ለምን እንደ ቀረ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እኔ የታሪክ ሰው እንጂ የቴክኖሎጂ ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ የትኛው መሣሪያ እንደሚሻል የሚገልጽ ምክር ሳይሆን ታሪክ ነው። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ተማሪዎች የሚያግዙ መሣሪያዎች እንዴት ተገኙ? ከተገኙስ በኋላ ተማሪው እጅ ለመድረስ ለምን ያን ያህል ዘገዩ? የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ መሣሪያውን ከመፈልሰፍ ይልቅ፣ «እንዲህ አድርጎ ማንበብም ማንበብ ነው» ብሎ መፍቀድ ብዙ ዘመን ወስዷል።

በመጀመሪያ ወደ ፓሪስ እንሂድ። ቫለንቲን አዩይ የተባለው ሰው በ1780ዎቹ ለዓይነ ሥውራን ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ የላቲኑን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ጎላ አድርጎ በማተም ተማሪዎቹ በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲያነቡ አደረገ። ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም መጻሕፍቱ እጅግ ግዙፍ ነበሩ፤ ንባቡም አዝጋሚ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ተማሪው በዚያ መንገድ ማንበብ እንጂ በገዛ እጁ መጻፍ አይችልም ነበር። በ1821 ሻርል ባርቢየ የተባለ የቀድሞ የጦር መኮንን በነጠብጣብ የሚጻፍ ዘዴ ይዞ ወደዚሁ ትምህርት ቤት መጣ። ዘዴው 12 ነጠብጣቦችን የሚጠቀም ስለ ነበር አንዱን ምልክት በአንድ የጣት ጫፍ መሸፈን አይቻልም። ከተማሪዎቹ አንዱ ሉዊ ብሬል ይባላል። በ1809 የተወለደ፣ በሕፃንነቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በወስፌ ዓይኑን ተወግቶ ብርሃኑን ያጣ ልጅ ነበር። 15 ዓመት ሲሆነው ነጠብጣቦቹን ወደ 6 ዝቅ አድርጎ አዲስ ዘዴ አሰናዳ፤ በ1829ም አሳተመው።

መሣሪያው እንግዲህ ተገኘ። ፈቃዱ ግን አልተገኘም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ አዲስ ዳይሬክተር ተማሪዎቹ በብሬል እንዳይጠቀሙ ከለከለ። የተቃውሞው ምክንያት ሊጤን ይገባዋል። ነጠብጣቡ ዓይናማው መምህር የሚያውቀውን ፊደል አይመስልም፤ ስለዚህ ዓይነ ሥውሩን ከሌላው ሕዝብ ይለየዋል ተባለ። የንባብ መለኪያው የተማሪው ጣት መሆኑ ቀርቶ የመምህሩ ዓይን ሆነ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ግን በድብቅ መጻጻፋቸውን ቀጠሉ። በ1844 የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ዘዴው በሕዝብ ፊት ታየ፤ ትምህርት ቤቱ በይፋ የተቀበለው ግን በ1854፣ ብሬል ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ ስለ ዓይነ ሥውራን ነው። ዓይናቸው እያየ ፊደል አልታዘዝ የሚላቸውስ? በ1887 ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም «ዲስሌክሲያ» የሚለውን ቃል የያዘ ሥራ አሳተመ። እርሱ ያጠናቸው በሕመም ምክንያት የማንበብ ችሎታቸውን ያጡ ዐዋቂዎች ነበሩ። በኅዳር 1896 ደግሞ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ፐርሲ ይባላል። ዓይኑ ደህና ነው፤ ብልህ ነው፤ ሒሳብ ይሠራል። ነገር ግን ለዓመታት ተምሮ አጫጭር ቃላትን እንኳ ማንበብ ይቸግረዋል፤ የገዛ ስሙን ሲጽፍ ፊደላቱን ያቀያይራል። በዚያች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። የልጁ መምህር፣ ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ብልሁ እርሱ ይሆን እንደ ነበር መመስከሩ ነው።

እስኪ ይህን ምስክርነት ከሌላ ቀን ጋር እናስተያየው። ቶማስ ኤዲሰን ድምፅ የሚቀዳውን ፎኖግራፍ የሠራው በ1877 ነው። በማግሥቱ ዓመት መሣሪያው ምን ምን ሊያገለግል እንደሚችል ሲዘረዝር፣ ለዓይነ ሥውራን የሚናገሩ መጻሕፍትን ጨምሮ ነበር። እንግዲህ በ1896 ሁለቱም ነገሮች በዓለም ላይ ነበሩ። አንድ መምህር «ይህ ልጅ በጆሮው ቢማር ይችላል» ብሏል፤ አንድ ፈልሳፊም «መጽሐፍ ሊናገር ይችላል» ብሏል። በእርግጥ የዚያን ጊዜው ፎኖግራፍ ደካማ ነበር፤ ጥቂት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚይዝ መሣሪያ ሙሉ መጽሐፍ ሊሸከም አይችልም። ይህ ግን የመዘግየቱን ከፊል ብቻ ያስረዳል። መሣሪያው ከበረታ በኋላ የሆነውን እንመልከት።

በ1931 የአሜሪካ ኮንግረስ ለዐዋቂ ዓይነ ሥውራን መጻሕፍት በየዓመቱ 100,000 ዶላር የሚመድብ ሕግ አወጣ። ሥራው ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። በ1934 የመጀመሪያዎቹ «ተናጋሪ መጻሕፍት» በሸክላ ተቀርጸው መታደል ጀመሩ። ሸክላዎቹ ቀስ ብለው የሚዞሩ ስለ ነበሩ በአንድ ገጽ ሩብ ሰዓት ያህል ንባብ ይይዛሉ፤ ይህ ዐይነቱ ረጅም ሸክላ ለሙዚቃ ገበያ በስፋት የወጣው ከዚያ በኋላ በ1948 ነው። በብሪታንያም አገልግሎቱ በ1935 ሲጀመር፣ ከመነሻዎቹ አንዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ጉዳይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች የኮሌጅ ትምህርት ሲከፍል፣ ዓይናቸውን ያጡት የመማሪያ መጽሐፍ የሚያነብላቸው አጡ። በ1948 አን ማክዶናልድ የተባለች ሴት በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በጎ ፈቃደኞችን አሰባስባ መማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ ማስቀረጽ ጀመረች። ከዚህ ጥረት የተወለደው ድርጅት «ለዓይነ ሥውራን የሚቀርጽ» የሚል ስም ያዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ የተጠቃሚውን ማንነት አስተውሉ። ወታደሩ ለሀገሩ ዓይኑን ሰጥቷል፤ ጉዳቱ ይታያል፤ ስለዚህ በጆሮው ቢያነብ ማንም «ሰነፍ» አይለውም። የፐርሲ ዐይነቱ ልጅ ግን ዓይኑ ያያል። ጉዳቱ ስለማይታይ ሕመሙን በምስክር ማረጋገጥ አለበት። ይህም ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በደንብ የተጻፈ ነበር። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በ1966 ከዓይነ ሥውራን አልፎ በአካል ጉዳት ምክንያት ማንበብ ለማይችሉ ተፈቀደ። አንድ ሰው ዓይነ ሥውር መሆኑን ግን ነርስ ወይም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሊመሰክርለት ሲችል፣ የንባብ ችግር ያለበት ሰው ችግሩ ከአካል የመነጨ መሆኑን የሚያረጋግጥ የሕክምና ዶክተር ፊርማ ይጠየቅ ነበር። ልጁን በየቀኑ የሚያየው መምህር ምስክርነት አይበቃም። ይህ ደንብ የተነሣው በ2021 ነው። መማሪያ መጻሕፍትን ሲያስቀርጽ የኖረው ድርጅትም የዲስሌክሲያ ተማሪዎች ከአድማጮቹ መካከል እየበዙ ሄደው፣ በስሙ ውስጥ የጨመራቸው በ1995 ነው። ከፐርሲ 99 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ጥርጣሬ ብቻ ነበር ብል ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። የአሳታሚዎችና የደራስያን መብትም ነበረበት። በድምፅ የተባዛ መጽሐፍ ለማን እንደሚሰጥ ወሰን ካልተበጀለት ገበያችንን ያሳጣናል ብለው ይሠጉ ነበር። ሆኖም የወሰኑ መሥመር ሲሰመር ሁልጊዜ በውጭ የሚቀረው ጉዳቱ የማይታየው ተማሪ ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ የኮምፒውተር ነው። በጥር 1976 ሬይ ከርዝዋይል ከአሜሪካ የዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ጋር ተባብሮ የሠራውን የንባብ ማሽን ለሕዝብ አሳየ። ማሽኑ የታተመውን ገጽ ያነሣል፤ በልዩ ልዩ ቅርጽ የታተሙትን ፊደላት ይለያል፤ ከዚያም በተሠራ ድምፅ ያነባል። ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠር ስለ ነበር ከትልልቅ ቤተ መጻሕፍትና ተቋማት ውጭ ሊገዛው የሚችል ጥቂት ነበር፤ ሙዚቀኛው ስቲቪ ዎንደር ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ነው። ያ ማሽን በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ ተራ ኮምፒውተር ፕሮግራምነት ወረደ። በ1990ዎቹም ድምፁ ሲያነብ ቃሉን በቀለም እያደመቀ የሚያሳይ፣ በተለይ የንባብ ችግር ላለባቸው ተማሪዎች የታሰበ ፕሮግራም ወጣ። ዓይንና ጆሮ አብረው እንዲሠሩ ማለት ነው። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ይህን ሁሉ ይሠራል። ዋጋው ከአሥር ሺዎች ዶላር ወርዶ በየእጃችን ሲገባ፣ «ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን አብሮ አልወረደም።

ጥያቄው ተገቢ መልስ ይገባዋል። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ፊደል አያስተምርም። ዲስሌክሲያ ላለበት ሕፃን ድምፅና ፊደልን ደረጃ በደረጃ፣ በግልጽና በድግግሞሽ የሚያስተምር መምህር አስፈላጊ ነው፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሳሙኤል ኦርተንና አና ጊሊንግሃም በአሜሪካ የደከሙበት መንገድ ይህ ነው። መሣሪያው የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ተማሪው ንባብን እስኪለምድ ታሪኩ፣ ሳይንሱና ሕጉ እንዳያመልጠው ያደርጋል። በ2018 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራም የንባብ ችግር ያለባቸው ተማሪዎች ጽሑፉ ሲነበብላቸው የመረዳት ውጤታቸው በመጠኑ እንደሚሻሻል አሳይቷል። በመጠኑ ነው፤ ተአምር አይደለም። ነገር ግን መነጽር ዓይንን እንደማያድን ዐውቀን መነጽር ያደረገውን ተማሪ «አውልቀህ ተፈተን» አንለውም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በጆሮ መማር ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እያለ ወደ ዳዊት ሲሄድ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ማታ ማታ የቃል ትምህርት ይቀጽል ነበር። መምህሩ ይላል፤ ተማሪው ተቀብሎ ይላል። ቅኔ ዛሬም የሚዘረፈው በቃል ነው። በዚህ ሥርዓት ዓይነ ሥውራን ሊቃውንት የዜማና የቅኔ መምህራን ሆነው ወንበር ተክለዋል፤ ዕውቀታቸውን ከብራና ስላላዩት ዕውቀት አይደለም ያላቸው የለም። እርግጥ ያንን ዘመን አላቆነጀውም። ፊደሉ አልገባ ያለው ሕፃን አለንጋ ይቀምስ ነበር፤ ብዙውም ተመልሶ ከብት ጠባቂ ሆኗል። ልል የፈለግሁት፣ የዕውቀት በር ሁለት እንደ ነበር ነው፤ ዓይንም ጆሮም። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ሁሉንም በጽሑፍ ፈተና ሲመዝን አንደኛው በር ተዘጋ።

የጆሮውን በር በመሣሪያ ለመክፈት ስንነሣ ደግሞ የራሳችን ቋንቋ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይጠብቀናል። የአማርኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለድምፁ ታማኝ ነው፤ አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ይይዛል። ሁለት ነገር ግን አይጽፍም። አንደኛው ጥብቀትና ልልነት ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። «ይበላል» አንዴ በዪውን፣ አንዴ የሚበላውን ይናገራል። ሁለተኛው ሳድስ ፊደል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንድ ጊዜ ባዶውን ይነበባል። የለመደ አንባቢ ይህን ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ይረዳል። ማሽኑም ሆነ እየተንገዳገደ የሚያነበው ሕፃን ግን በዚያው ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። አባቶች ለግእዙ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ እያሉ ያስተማሩት፣ በፊደል ያልተጻፈው በመምህሩ ድምፅ እንዲተላለፍ ነበር።

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ እርስ በርሳቸው በማይግባቡ የፊደል ዐይነቶች ስንጽፍ ኖረናል። በእነዚያ የተጻፉ ሰነዶች ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም ለማሽኑ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ናቸው። ዛሬ አማርኛን የሚያነቡ የኮምፒውተር ድምፆች አሉ፤ ነገር ግን መምህሩ ለተማሪው የሚሰጠው ጽሑፍ ከመጽሐፍ በፎቶ የተነሣ ገጽ ከሆነ፣ ድምፁ የሚያነበው ፊደል አያገኝም። ስለዚህ ችግሩ የውጭ ምንዛሪ ብቻ አይደለም፤ የእኛ የመምህራኑ የዕለት ተዕለት ልማድም ነው።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በሰኔ 2013 በማራካሽ የተፈረመው ስምምነት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጻሕፍትን በሚስማማቸው መልክ ማባዛትን ይፈቅዳል። ተጠቃሚ ብሎ የሚያውቀውም ዓይነ ሥውሩን ብቻ ሳይሆን የንባብ ችግር ያለበትን ሰው ጭምር ነው። ኢትዮጵያ በ2020 ተቀብላዋለች። በፓሪስ በ1854፣ በአሜሪካ በ2021 የተፈታው የፈቃድ ቋጠሮ በወረቀት ላይ ለእኛም ተፈትቷል ማለት ነው። የቀረው በክፍል ውስጥ ያለው ቋጠሮ ነው፤ እርሱን የሚፈታው ደግሞ መምህሩ ነው።

በዚህ ፋኩልቲ ልንጀምራቸው የምንችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የኮርስ ጽሑፎቻችንን በዩኒኮድ፣ ሊመረጥና ሊነበብ በሚችል ፊደል እናዘጋጅ። የመመዘኛችን ዓላማ የታሪክ ዕውቀት እስከሆነ ድረስ፣ ጥያቄውን ሰምቶ በቃሉ ለሚመልስ ተማሪ ዕድል እንስጥ። ማንንም ደግሞ ሳናስጠነቅቅ በሰው ፊት ጮክ ብለህ አንብብ አንበል።

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። የት እንዳለ አላውቅም። ያን ጊዜ በእጄ ማሽን አልነበረም፤ በዚያ ራሴን ማጽናናት እችል ነበር። ነገር ግን የሚያስፈልገው መሣሪያ በክፍሉ ውስጥ ነበር፤ የእኔ ድምፅና የእርሱ ጆሮ። መጽሐፉን አስቀምጦ የሰማውን እንዲናገር ብፈቅድለት ይበቃ ነበር። የፐርሲ መምህር በ1896 ያየውን እኔ አላየሁም። ከእናንተ መካከል ነገ ክፍል የምትገቡ፣ ከእኔ ቀድማችሁ እንድታዩ ብዬ ነው ይህን የተናገርኩት።